ልጆቹ አላበላሹትም

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱን ሰምታችኋል። አሁን ስለ አንድ ትንሽ ወጪ ልናስረዳችሁ እንወዳለን፤ ሴት ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚለማመዱበት የበረራ ሲሙሌተር ነው።

ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን መሆናቸውን የሰሙ ልጆቻችን «እኛስ?» አሉን። በስጦታ ባገኘነው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ገዝተን ጫንን፤ ጆይስቲክም ጨመርንበት። ፕሮግራሙ ግን አልረጋ አለ። አንዳንዴ ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል፤ አንዳንዴም አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ድንገት ይዘጋል።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናገር። «ያበላሸ ይከፍላል» ብለን በሩ ላይ ለጠፍን። በሳምንቱ አንዲት ልጅ እየተለማመደች ሳለ ፕሮግራሙ ተዘጋባትና መምጣት አቆመች። እናቷ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር አባላችን ናት። ልጅቷ በእናቷ ላይ ዕዳ እንዳታመጣ ፈርታ ነበር።

መዝገብ የከፈትነው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደተቀመጠችና ምን ላይ ሳለ እንደተዘጋ ለአራት ሳምንት ጻፍን። እኛ ራሳችን ስንይዘውም፣ ማንም ሳይነካውም ይዘጋል። ማስታወቂያውን ቀደድን፤ ልጅቷን ቤቷ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት።

ምትክ ስንፈልግ ሦስት ጥያቄ ያዝን፦ ባለን ኮምፒውተር ይሠራል? ሳንከፍል መሞከር እንችላለን? ኢንተርኔት ሲጠፋስ ይሠራል? ኤክስ-ፕሌን 12 ሳይገዙ የሚሞክሩት ቅጂ አለው። ነገር ግን ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ስለሚፈልግ የእኛ ኮምፒውተር አልቻለውም። ፍላይትጊር ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ምስሉ እንደ ኤክስ-ፕሌን አያምርም። የመሬቱን ምስል አስቀድመን ካወረድን ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርገን አራት ቅዳሜ ሞከርነው፤ አንድ ጊዜም አልተዘጋም። እሱን መረጥን።

ነጻ ነው ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ለማውረጃ የዳታ ጥቅል ገዝተናል፤ በሪፖርቱ ውስጥ ተመዝግቧል። ለመጀመሪያው ፕሮግራም የከፈልነውም ገንዘብ እንደባከነ ጽፈነዋል፤ አልደበቅነውም።

ልጅቷ ተመልሳለች። ባለፈው ቅዳሜ ትንሿን ሴስና ከቦሌ እያስነሣች፣ አውሮፕላኑ ለምን ረጅም መንደርደሪያ እንደሚፈልግ ለታናናሾቿ ስታስረዳ ሰማናት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ክንፉም ኃይል ይቀንስባቸዋል።

ደጋፊዎቻችን፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እኛ ዘንድ ይሞከር። እናቶች፣ ማሽን ሲቆም ልጁን ከመቆጣታችን በፊት ማሽኑን እንመርምር።