ለዶሮዋ ደረቅ ቤት፣ ለልጅ ንጹሕ መኝታ
(በሬዲዮ የቀረበ የጤና ትምህርት)

ይህን ትምህርት የማቀርብላችሁ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ሆኜ ከማገለግልበት ከካምፓላ ከተማ፣ ከማኪንድዬ ነው። በካምፕ ላላችሁም፣ በከተማ በኪራይ ቤት ለምትኖሩም ይጠቅማል ብለን ያዘጋጀነው የዛሬው ርእሳችን፣ የጓሮ ዶሮዎችን በዝናብ ወራት ስለ መጠበቅ ነው።

«የጤና ሠራተኛ ስለ ዶሮ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እንቁላል ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ሰውነት የሚገነባ ምግብ ነው። ሥጋና ወተት መግዛት ለከበደው ቤተሰብ ደግሞ ትልቅ እርዳታ ነው። በሌላ በኩል የዶሮ ኩስ ተቅማጥ የሚያመጡ፣ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ጀርሞች ሊኖሩበት ይችላል። የሚድህ ሕፃን ደግሞ ከመሬት ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል።

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በገጠር ኢትዮጵያ የተደረገ አንድ ጥናት ሁለቱንም ጎን አሳይቷል። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድሩበት ግን የልጆቹ ዕድገት ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ ታይቷል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ዶሮዋ የት ትደር የሚለው ነው።

በአገራችን ዋናው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በካምፓላ ግን ዋና የዝናብ ወቅት በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር። በእነዚህ ወራት «ዶሮዎቹ በረዳቸው» ብሎ ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባ ሰው አለ። በተለይ እዚህ ሙዚጎ በሚባለው ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤት፣ የዶሮውና የሕፃኑ መኝታ አንድ ይሆናል።

አድማጮቻችን፣ የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ላባዋ ደረቅ እስከሆነ ድረስ የካምፓላ ብርድ ብቻውን አይጎዳትም። የሚጎዳት እርጥበት፣ ነፋስና የታፈነ አየር ነው። በአውሮፓ ዶሮዎች በክረምት እንቁላል የሚቀንሱት በዋናነት ቀኑ ስለሚያጥር ነው። ካምፓላ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኑ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ነው። ዶሮ ላባዋን ስታረግፍ ወይም መታቀፍ ስትፈልግ ለጥቂት ሳምንታት መጣል ብታቆም ተፈጥሮዋ ነው። ከዚያ ውጭ በዝናብ ወራት እንቁላል ሲቀንስ ምክንያቱን ከቤቷ፣ ከምግቧና ከጤናዋ እንፈልግ።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናድርግ።

አንደኛ፣ ከመኝታ ክፍል ውጭ ትንሽ ቤት እንሥራላት። በእግር የቆመ፣ ወለሉ ከመሬት እስከ ጉልበት ከፍ ያለ ቢሆን ጎርፍ አይገባውም። ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ይበል። ዝናብና ነፋስ በሚመጣበት በኩል ግድግዳው ይደፈን፤ ከጣሪያው ሥር ግን አየር የሚያስገባ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ክፍተት ይተውለት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ወለል ላይ ከሦስት ወይም ከአራት ዶሮ በላይ አናጭቅ። የሚቆሙበት ቆጥም እንሥራ። በኪራይ ቤት ያላችሁ አስቀድማችሁ ባለቤቱንና የኤልሲ ዋን ሊቀ መንበሩን አነጋግሩ።

ሁለተኛ፣ ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን። ከአናጺ ቤት የሚገኝ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የቡና ገለባ ይበቃል። አንድ እፍኝ አንሥታችሁ ጨብጡት፤ እንደ ጭቃ ከተጣበቀ ለውጡት። ጎንበስ ብላችሁ በዶሮዋ ቁመት ስታሸቱ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ፣ የእርሷንም ሳንባ እያቃጠለ ነው። ለሙቀት ብሎ የከሰል ምድጃ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። የከሰል ጋዝ በተዘጋ ቤት ዶሮንም ሰውንም ይገድላል።

ሦስተኛ፣ ምግቧን እንጠብቅ። መሬቱ ጭቃ ሲሆን ጭራ የምታገኘው ስለሚቀንስ የበቆሎ ብጣሪ፣ ቅጠላ ቅጠልና እዚህ ሙኬኔ የሚባለውን ትንሽ የደረቀ ዓሣ ብንጨምርላት ጥሩ ነው። ለእንቁላሉ ቅርፊት የተፈጨ የሐይቅ ዛጎል ይሰጣታል። የሻገተ በቆሎ ግን «ለሰው ባይሆን ለዶሮ ይሆናል» አይባልም፤ የሻጋታው መርዝ ጉበቷን ይጎዳል። ውኃዋም በየቀኑ ይለወጥ።

አራተኛ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዝናቡ ሳይገባ የፈንግል ክትባት እናስከትብ። ፈንግል ከያዛት በኋላ መድኃኒት የለውም። በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ክትባት ስላለ፣ ጎረቤታሞች ተሰባስባችሁ የእንስሳት ሐኪም ብትጠሩ ወጪው ይቀላል። ክትባቱ በየጥቂት ወሩ ስለሚደገም ቀኑን ጠይቃችሁ ያዙ። ኩሷ ደም ከቀላቀለ ደግሞ ኮክሲዲያ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ያባብሰዋል። ለሰው የታዘዘ ቴትራሳይክሊን ለዶሮ አትስጡ። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘም እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ የቤተሰቡን ጤና እንጠብቅ። ሕፃናት ዶሮዎች በሚውሉበት መሬት ላይ አይዳሁ። ኩስ ከጠረግን ወይም እንቁላል ከሰበሰብን በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። እንቁላሉን በየቀኑ እንሰብስብ፤ የተሰነጠቀውን ለልጅ አንስጥ፤ አስኳሉ እስኪጠና እንቀቅለው። ታማ የሞተችን ዶሮ መብላት አይገባም፤ አርቆ መቅበር ነው። ብዙ ዶሮዎች በድንገት ቢሞቱ ወዲያውኑ ለጤና ሠራተኛ ወይም ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ። በ2017 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የወፍ ጉንፋን መታየቱ ይታወሳል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ዶሮዎቻችሁን ዛሬ ማታ ከልጅ መኝታ ለማውጣት ቦታ ከሌላችሁ፣ ቢያንስ በክዳን የተሸፈነ ቅርጫት ወይም ሣጥን ከበር ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ሌባና አውሬ እንዳይደርስበት አድርጋችሁ አዘጋጁ። ቤቱን ቀስ በቀስ ትሠሩታላችሁ። ልጁ ግን ከዛሬ ጀምሮ ንጹሕ ቦታ ይተኛ። እንቁላሉ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊትም የልጁ ድርሻ ይቀመጥለት።