ስህተቱን ራሱ የሚያርም መልእክት

(የሚንኮሻኮሽ የስልክ መስመር ድምፅ፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል)

መስመሩ ሲበላሽ «አልተሰማም፣ ድገምልኝ» እንላለን። ማሽንስ?

በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ሪቻርድ ሃሚንግ በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ይሠራ ነበር። ስሌቱን ቅዳሜና እሁድ ለማሽኑ ትቶ ይሄዳል፤ ሰኞ ሲመለስ ሥራው ተቋርጦ ይጠብቀዋል። ማሽኑ ስህተት መኖሩን ይለያል፤ ቦታውን ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ትቶት ወደ ሌላ ሥራ ያልፋል። ሃሚንግ ተናደደ። መኖሩን ካወቀ የት እንዳለ ለምን አያውቅም?

መልሱን እንስማው። አራት የመልእክት ቢቶች አሉን እንበል፤ ቢት ማለት ዜሮ ወይም አንድ ነው። በላያቸው ሦስት ጠባቂ ቢቶች ይታከላሉ። እያንዳንዱ ጠባቂ ከአራቱ ሦስቱን ይቆጣጠራል፤ የሁለት ጠባቂዎች ምድብ ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም። የአንዶቹ ብዛት፣ ጠባቂው ራሱ ተቆጥሮ፣ ሁልጊዜ ተጋማሽ መሆን አለበት። አንድ ቢት በመንገድ ላይ ሲገለበጥ የትኞቹ ጠባቂዎች ጎዶሎ ብዛት አግኝተው እንደጮሁ ማየት ብቻ ቦታውን ይነግረናል። ሦስቱ ጠባቂዎች ስምንት ዓይነት ምልክት መስጠት ይችላሉ፦ ሰባቱ ለሰባቱ ቦታዎች፣ አንዱ «ሁሉም ደህና ነው» ለማለት። የሚተርፍም የሚጎድልም የለም! እኔን ሁሌ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ሁለት ቢቶች አብረው ከተገለበጡ ግን እርማቱ ይሳሳታል።

እዚያው ቤል ውስጥ ክላውድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ከመስመሩ አቅም እስካላለፍን ድረስ ስህተቱን የፈለግነውን ያህል ማሳነስ እንደሚቻል አረጋገጠ። የሃሚንግ ጽሑፍ በ1950 ታተመ።

ከፊሉ የተፋቀ ኪውአር ኮድ በስልካችሁ የሚነበበው በ1960 የቀረበው ሌላ ስህተት አራሚ ኮድ፣ የሪድ-ሰለሞን ኮድ፣ ስላለበት ነው።