ከኦስትያ አሸዋ የወጣች ሳንቲም
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ እሑድ ሥራችን አንድ ነገር እንድንናገር ሲጠይቀን «ቆሻሻ ለቀማውን ነው?» ብለው የሳቁ ወዳጆች ነበሩ። አልተሳሳቱም። ሁለታችን የብረት መፈለጊያ መሣሪያችንን ይዘን በብርድ ወራት በኦስትያ ባሕር ዳርቻ ስንመላለስ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው የጠርሙስ ቆርኪ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ ቀለበትና ሰው የጣለው ቁልፍ ነው።

የመሣሪያው አሠራር ከባድ አይደለም። ከዘንጉ ጫፍ ያለው ሰሐን መሰል ነገር በውስጡ የሽቦ ጥቅል አለው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት መግነጢሳዊ ኃይል ወደ መሬት ይልካል፤ ብረት ሲያገኝ ምላሹ በጆሮ ማዳመጫው ይጮኻል። ወርቅና የቆርቆሮ መክፈቻ ቀለበት የሚሰጡት ድምፅ በጣም ስለሚቀራረብ ስንት ጊዜ ልባችንን በከንቱ ሰቅሎታል!

ከአሸዋው አልፈን ወደ ሜዳና ወደ ፍርስራሽ የማንሄድበት ምክንያት አለ። በጣሊያን ሕግ ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ዕቃ የመንግሥት ነው። ያለ ፈቃድ መፈለግ ክልክል ነው። በአጋጣሚ ያገኘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ለቅርስ መሥሪያ ቤቱ፣ ለከንቲባው ወይም ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት፤ ደንቡን ከጠበቀ እስከ ዋጋው ሩብ የሚደርስ ሽልማት ሊሰጠው ይችላል። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ጥንታዊ ቦታ ውስጥ ይህን መሣሪያ ይዞ ምክንያቱን ማስረዳት ያልቻለውን ሰው እስከ 2 ዓመት እሥርና እስከ 2,000 ዩሮ መቀጫ ያስከትልበታል። ኦስትያ አንቲካ ከባሕሩ ሩቅ አይደለችምና ልጆቻችሁ መሣሪያ ከገዙ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አሁን ወደ ሳንቲሟ እንምጣ። መሣሪያው የዝገት ድምፅ ስለሰጠ ልናልፋት ነበር። የወጣችው የ1940 የጣሊያን 50 ቼንቴዚሚ ናት፤ የተሠራችው በዚያ የጦርነት ዘመን ለሳንቲም ከተመረጠው ብረት ነው። በአንድ ፊቷ ንስር ቆሟል። በሌላው የንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ ራስ ሲሆን በዙሪያው «ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት» የሚል ጽሑፍ በምኅጻር አለ። ንጉሥነቱ የጣሊያን ነው። የንጉሠ ነገሥትነቱስ የየት አገር ይመስላችኋል? የእኛው አገር ነው! ሞሶሊኒ ይህን ማዕርግ በግንቦት 1936 በዚሁ ከተማ ሆኖ አወጀለት። ሳንቲሟ በተመታችበት ዓመት ግን አርበኞቻችን በጎጃምና በሸዋ ዱር ውስጥ ነበሩ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም፣ በፈረንጅ ግንቦት 5 ቀን 1941፣ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም የሮም ማተሚያ ቤት ያንኑ ማዕርግ እስከ 1943 ድረስ ሳንቲም ላይ መምታቱን አላቆመም። አገሪቱ ከእጁ ወጥታ ማዕርጉ ለሁለት ዓመት በገበያ ሲዞር ኖረ።

አንድ አባታችን ይህን ሲሰሙ «ወደ ባሕሩ መልሷት!» አሉን። ቁጣቸው ይገባናል። በእኛ አስተያየት ግን ውሸቱ በራሱ በዋሸው ሰው እጅ ተጽፎ ሲገኝ ከማስረጃም ማስረጃ ነውና አልጣልናትም። በፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ቢሸጧት የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ታወጣ ይሆናል።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበን የአገር ቤቱ ነው። በአክሱም ዙሪያ ዝናብ ካባራ በኋላ እርሻው የጥንት ሳንቲም ያወጣል። የገበሬው ልጅ ያነሣና ለቱሪስት ይሸጣል። በልጁ አንፈርድም፤ የምንፈርደው በገዢው ነው። አክሱም ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ የራሷን ወርቅ፣ ብርና መዳብ ስትመታ ኖራለች። ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በጨረቃዋ ፋንታ መስቀል አስቀረጸ። የእምነቱ መለወጥ በሳንቲም ላይ የሚነበብባቸው መንግሥታት ጥቂት ናቸው።

ሳንቲም የሚናገረው ከተገኘበት ቦታና ከጎረቤቶቹ ጋር ሲሆን ነው። በ1977 የመን ውስጥ፣ ከዓደን በስተ ምዕራብ አል መድሃሪባ በተባለ ስፍራ፣ 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ተገኙ። 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሮም ነበሩ። የአፄ ካሌብ ሳንቲሞችም አሉባቸው። ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግሮ መዝመቱን ለሚያጠና ሰው ይህ ክምችት ትልቅ ምስክር ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም በየሰው ኪስ ገብቶ ቢበተን ኖሮ የሚቀረው 1,194 ቁራጭ ወርቅ ብቻ ነበር።

እኛ የታክሲ ሰዎች በፋኦ ሕንፃ ፊት ለፊት ስናልፍ ያንን አደባባይ ማየታችን አይቀርም። ሐውልታችን ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማ ሳለ፣ ሐውልቱ አክሱም የደረሰው በ2005 ነው። 24 ሜትር ድንጋይ ይመለስልን ያልን ሰዎች ከአገር ቤት ስንመለስ ጥፍር የምታህል የአክሱም ሳንቲም በሻንጣ ይዘን ብንመጣ ምን እንላለን? አዋጅ 209/1992 ዓ.ም በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲነገር ደንግጓል። ስለዚህ «ግዙኝ» ሲሏችሁ አትግዙ፤ ልጁን ወደ ሙዚየሙ ምሩት።

የ1940ዋን ሳንቲም ለማኅበሩ አስረክበናል። ከአዳራሹ በስተ ኋላ ካለው ጠረጴዛ ላይ ከአጉሊ መነጽር ጋር ተቀምጣለች፤ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ ወደ መብራቱ አዘንብላችሁ እዩት። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ወጣት ካለ እሑድ ጠዋት ከፖርታ ሳን ፓዎሎ ጣቢያ በባሕር ዳሩ ባቡር እንሄዳለን። መሣሪያ አንድ ትርፍ አለን፤ አካፋና ወፍራም ካልሲ ግን ራሱ ይዞ ይምጣ።