ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ዕድርተኞች ጥሩምባ ሲነፋ መሰብሰብ፣ ድንኳን መትከልና ወገናችንን በክብር መሸኘት እናውቅበታለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው የሚሞተው ዕድሜው ደርሶ ብቻ አይደለም። የሚጠጣው ውኃና የሚኖርበት ሰፈር የሚገድለውም አለ። ለዚህኛው ሞት የኛ መድረስ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ረጲ፣ ቆሼ በሚባለው ቦታ የሆነውን እናስታውስ። ከተማው ከ50 ዓመት በላይ የጣለው ቆሻሻ ተራራ አክሎ ቆየና ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀበረ። ቆሻሻው የከተማው ሁሉ ነበረ፤ የሞቱት ግን ከሥሩ ጎጆ የቀለሱት ድሆች ናቸው።

የውኃውም ነገር እንደዚሁ ነው። አዋሽ የሚነሣው ከኛው ከምዕራብ ሸዋ፣ ከግንጪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባን አቋርጠው የሚመጡት ትንሹና ትልቁ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል አልፈው ሲቀላቀሉት፣ የፋብሪካውን፣ የጋራዡንና የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ይዘውበት ይገባሉ። ቆዳ ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋው አብዛኛውን ጊዜ በክሮም ጨው ነው። ቆዳው ያልጠጣው ክሮም ካልተጣራ ከውኃው ጋር ይወጣል። በአቃቂ ውኃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ከብትም ይጠጣዋል። ውኃ ማፍላት ተውሳክን ይገድላል እንጂ ክሮምን አያወጣም።

ፋብሪካ አይኑር አንልም፤ ልጆቻችን ሥራ ይፈልጋሉ። ግፉ ጥቅሙ ለሁሉ ሆኖ መርዙ ለታችኛው ሰፈር ብቻ መድረሱ ነው።

እኛስ? እኛ የአምቦ ሰዎች ሁሉቃን ከመካከላችን አድርገን እንኖራለን። መኪና እናጥብበታለን፤ የተቃጠለ ዘይትና ቆሻሻ እንደፋበታለን። ሁሉቃ ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከከተማው በታች ያለ ቧንቧ ያልደረሰው ገበሬ ከዚያው ይቀዳል። ለሱ ፋብሪካው እኛው ነን ማለት ነው።

ሕጉ ግን አልረሳንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ የደረሰው በራሱ ላይ ባይሆንም፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቅዶአል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከየቤታችን እንጀምር፤ ዘይትና ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ መድፋት ይቅር። ሁለተኛ፣ ሦስት ሰዎች ይመረጡና የውኃው ቀለምና ሽታ ሲለወጥ፣ ከብት ሲታመም፣ ቀኑን ጠቅሰው በደብተር ይጻፉ። ሦስተኛ፣ ችግር ሲገኝ አቤቱታው በዕድሩ ማኅተም ይግባ። መዝገብ ቤት ሲገባ ቁጥርና ቀን ሳናስጽፍ እንዳንመለስ፤ 30ውን ቀን የምንቆጥረው ከዚያ ነውና። ብዙ ዘመን በጽሕፈት ሥራ ኖረን ያየነው ይህንኑ ነው፤ የአፍ አቤቱታ ይረሳል፣ ቁጥር ያለው ወረቀት ግን ይጠየቅበታል።

ሙታናችንን በክብር መቅበራችንን አንተውም። ነገር ግን ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊትም እንሰብሰብ።