ዕድሜ የጠገበ አውቶሞቢልና የሚስማማው ኢንሹራንስ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይኸውም ዕድሜው የገፋ፥ ነገር ግን ባለቤቱ በክብር ጠብቆ የያዘው አውቶሞቢል ምን ዓይነት ኢንሹራንስ ሊገባለት ይገባል የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና ጥቂት ጊዜ ቆሞ የሚመለከት ሰው ግን ከአዲሶቹ መኪናዎች መካከል ቮልስዋገን፥ ፊያትና ፔጆ ዛሬም ሲመላለሱ ያያል። ከእነዚህ አንዳንዱ ከአባት ለልጅ የተላለፈ ነው፤ አንዳንዱም በብዙ ዓመት የደመወዝ ቁጠባ የተገዛ ነው። ለብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ቤተ ሰብ ከዚህ የሚበልጥ ንብረት የለውም። እንግዲህ ይህ ንብረት አንድ ቀን በግጭት ወይም በእሳት ቢጠፋ ምን ይተካዋል? ጥያቄው ይህ ነው።

የኢንሹራንስ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዕድር የሚያውቅ ሰው ኢንሹራንስን በግማሽ ያውቃል። ብዙዎች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ መከራ የደረሰበት አንዱ ከተዋጣው ይረዳል። ልዩነቱ ዕድር በጎረቤት መተዋወቅና በመተዛዘን ሲሠራ፥ ኢንሹራንስ ግን በተጻፈ ውል የሚሠራ መሆኑ ነው። በዕድር ዘንድ ዳኛው ሰውየውን ያውቀዋል፤ በኢንሹራንስ ዘንድ ግን የሚታወቀው ወረቀቱ ነው። በመዝገብ ቤት የሠራችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፥ በፋይሉ ውስጥ የሌለ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ስለ ኢንሹራንስ ሲደነግግ፥ ለዕቃ የሚገባ ኢንሹራንስ የካሣ ውል መሆኑን ያስረዳል። ካሣውም አደጋው በደረሰበት ቀን ዕቃው ካለው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ከጥፋቱ የሚያተርፍ ቢሆን ኖሮ ንብረቱን ከመጠበቅ ይልቅ መጥፋቱን በተመኘ ነበር። ነገር ግን ዕድሜ የጠገበ አውቶሞቢል ያለው ሰው ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ከትክክለኛው ደንብ ነው። የዚያ መኪና ዋጋ በአደጋው ቀን ስንት ነው? የሚወስነውስ ማን ነው?

አዲስ መኪና ዋጋው በየዓመቱ ይቀንሳል። በሒሳብ መዝገብ የእርጅና ቅናሽ እየተነሣለት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከምንም አይቆጠርም። ያረጀ መኪና ሁሉ ግን በዚህ መንገድ ብቻ አይሄድም። አንዳንዱ ዋጋው እስከ አንድ ዕድሜ ድረስ ወርዶ ይቆምና፥ ከዚያ በኋላ ብርቅነቱ እያደገ ሲሄድ እንደ ገና ይነሣል። ቮልስዋገንን እንውሰድ። የዚህ ዓይነት መኪና የመጨረሻው የወጣው በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፥ እስከዚያ ቀን የተሠራው ጠቅላላ ቁጥር 21,529,464 ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም አልተጨመረም። ስለዚህ በዛሬው ቀን ንጹሕ ሆኖ የተገኘው አንዱ፥ የሒሳብ መዝገቡ ምንም ቢል፥ የሚፈልገው ሰው አለ።

በሌላ አገር ይህን ችግር እንዴት እንደፈቱት መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ለእንዲህ ያሉ መኪናዎች በስምምነት ዋጋ የሚደረግ ውል የተለመደ ነው። መድን ሰጪውና ባለ ንብረቱ ገና ከመጀመሪያው፥ ፎቶግራፍና የባለሙያ ግምት አይተው፥ መኪናው ቢጠፋ የሚከፈለው ገንዘብ ይህን ያህል ነው ብለው ይፈራረማሉ። አደጋ ሲደርስ ስለ ዋጋው ክርክር አይነሣም። ለዚህ ግን በምትኩ የሚጠየቅ ግዴታ አለ። መኪናው በዓመት ከተወሰነ ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ፥ ሌሊት በተዘጋ ጋራዥ እንዲያድር፥ ለዕለት ሥራም ባለቤቱ ሌላ መኪና እንዲኖረው ይጠየቃል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የጥንታውያን ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽንም ጥንታዊ የሚለው መኪና ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፥ በቀድሞው ሁኔታው የተጠበቀውን፥ ለዕለታዊ መጓጓዣም የማያገለግለውን ነው።

ከዚህ ላይ በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት ይታያል። በእኛ ከተማ የአርባና የአምሳ ዓመት መኪና እሑድ እሑድ ለሽርሽር የሚወጣ ጌጥ አይደለም። ጧት ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ቀጥሎ ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ማታም ከገበያ ዕቃ ጭኖ ይመለሳል። ስለዚህ የውጭውን ውል እንዳለ ገልብጦ መመኘት አይጠቅመንም። የሚጠቅመን በውስጡ ያለውን ፍሬ ነገር መውሰድ ነው። ፍሬ ነገሩም ስለ ዋጋው መነጋገር የሚገባው ከአደጋው በፊት እንጂ ከአደጋው በኋላ አለመሆኑ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ሲሉ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሁኔታ እንመለስ። በመጀመሪያ በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ሽፋን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት፥ ማንኛውም ሰው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይኖረው መኪናውን በመንገድ ላይ ሊነዳ አይችልም። ይህ ኢንሹራንስ በመኪናችሁ ምክንያት ሰው ቢሞት፥ ቢቆስል ወይም የሌላ ሰው ንብረት ቢጎዳ ለተጎጂው የሚደርስ ነው። የእናንተን መኪና ግን አንዲት ብሎን እንኳ አይተካም። ብዙ ሰዎች የመስተዋቱን ወረቀት እያዩ ኢንሹራንስ አለኝ ሲሉ ይህን ልዩነት ይዘነጉታል። ለራስ መኪና የሚሆነው በፈቃድ የሚገባው ነው። ይህም አንዱ ከሦስተኛ ወገን ጋር እሳትና ስርቆትን የሚጨምረው ሲሆን፥ ሁለተኛው ግጭትንና መገልበጥን ጭምር የሚያጠቃልለው ሙሉ ኢንሹራንስ ነው።

ሙሉ ኢንሹራንስ ለመግባት ስትሄዱ፥ መኪናው ስንት ያወጣል ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። አንዳንድ ሰው ዓረቦኑ እንዲያንስለት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ይህ ቁጠባ መስሎ የሚታይ ኪሳራ ነው። ለምሳሌ ያህል የመኪናው እውነተኛ ዋጋ 800,000 ብር ሆኖ ሳለ በ400,000 ብር ተመዝግቧል እንበል። በግጭት የ120,000 ብር ጉዳት ቢደርስ፥ ሰውየው ጉዳቱ ከተመዘገበው ገንዘብ በታች ስለሆነ ሙሉውን አገኛለሁ ብሎ ያስባል። የኢንሹራንስ ደንብ ግን ግማሹን ዋጋ ብቻ ያስመዘገበ ሰው ለቀሪው ግማሽ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የሚደርሰው 60,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ባለ ንብረቱ የሚሸከመው ተቀናሽ ይነሣል። በአንጻሩ ዋጋውን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ማስመዝገብም ከንቱ ነው። ከላይ እንዳልነው ካሣው ከእውነተኛው ዋጋ ስለማያልፍ፥ ትርፉ ከፍ ያለ ዓረቦን መክፈል ብቻ ይሆናል።

ይህ ሁሉ በተለይ በአሁኑ ጊዜ የሚያሳስብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ፥ ቀድሞ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ዋጋው ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። በዚያው ዓመት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። እንግዲህ ከዚያ በፊት የተገመተ መኪና በአሮጌው ግምት ዓመት እየቆጠረ ቢታደስ፥ ባለቤቱ ምንም ሳይዋሽ ከእውነተኛው ዋጋ በታች ኢንሹራንስ የገባ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ውሉ በታደሰ ቁጥር ግምቱም መታደስ አለበት።

መድን ሰጪው ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ፋይል አዘጋጁ። በዚህ ፋይል ውስጥ የሊብሬው ግልባጭ፥ የመኪናው ፎቶግራፍ ከፊት፥ ከኋላ፥ ከጎን፥ ከውስጥና ከሞተሩ በኩል፥ እንዲሁም የገዛችኋቸው መለዋወጫዎችና ያሠራችኋቸው ሥራዎች ደረሰኝ ይኑር። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። በቮልስዋገን የሻንሲው ቁጥር ከኋላው መቀመጫ ሥር ይገኛል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ በታች በሞተሩ አካል ላይ ተቀርጿል። በብዙ ዓመት አገልግሎት ሞተር መለወጡ የተለመደ ነው፤ ለውጡ በሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ግን በካሣ ጊዜ ጥያቄ ያስነሣል። ከዚህም ሌላ የታወቀ መካኒክ ወይም የተሽከርካሪ ገማች መኪናውን አይቶ ያለበትን ሁኔታና የሚያወጣውን ዋጋ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም።

መኪናው የሚሠራበትን ነገር ሳትደብቁ ተናገሩ። ለቤት አገልግሎት ብሎ አስመዝግቦ ለኪራይ ወይም ለሠርግ አጀብ በገንዘብ የሚሰጥ ሰው፥ አደጋ በደረሰ ጊዜ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። እውነትን መናገር የመድን ገቢው የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ቀጥሎም ከመፈረማችሁ በፊት የሚከተለውን ጠይቁ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ። የመኪናው ዋጋ አስቀድሞ በስምምነት ሊጻፍ ይችላልን? በአሮጌው ዕቃ ፈንታ አዲስ መለዋወጫ ሲገባ፥ ስለ እርጅና ከካሣው የሚነሣ ገንዘብ አለን? ካለስ ከመቶ ስንት ነው? መለዋወጫው በአገር ውስጥ ባይገኝና ከውጭ ቢመጣ ወጪው እንዴት ይታሰባል? ባለ ንብረቱ የለመደውን መካኒክ መምረጥ ይችላልን? የመጨረሻውና ብዙ ሰው የሚረሳው ይህ ነው። የጥገናው ወጪ ከተመዘገበው ዋጋ ጋር ሲቀራረብ፥ መድን ሰጪው መኪናው ፈጽሞ እንደ ጠፋ ቆጥሮ ገንዘቡን ከፍሎ የተጎዳውን አካል ይረከባል። ዋጋው ዝቅ ብሎ የተመዘገበ አሮጌ መኪና ወደዚህ ደረጃ የሚደርሰው በቀላል ግጭት ነው። ታዲያ ባለቤቱ ዋጋው ተቀንሶለት የአባቱን መኪና ሊያስቀር ይችላልን? ይህን አስቀድሞ ያልተስማማ ሰው፥ ሊጠገን ይችል የነበረውን መኪና ቆሞ ሲወሰድበት ያያል።

ለሁሉም ሰው ሙሉ ኢንሹራንስ ይሻለዋል ማለት ግን አይደለም። መኪናው ብዙ ዋጋ የማያወጣ ሆኖ ዓረቦኑና ተቀናሹ ሲደመሩ ከሚጠበቀው ካሣ ጋር የሚቀራረቡ ከሆነ፥ የሦስተኛ ወገኑን ከእሳትና ከስርቆት ጋር ገብቶ፥ የቀረውን ገንዘብ ለጥገና በየወሩ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ማስላት ነው።

እሳትን ካነሣን ዘንድ፥ ከኢንሹራንስ ሁሉ የሚቀድመው ጥንቃቄ መሆኑን ልናገር። በቮልስዋገን ቤንዚኑ ከፊት፥ ሞተሩ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በሞተሩ ዘንድ እስከ ካርቡራተሩ የሚደርሰው በጎማ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ በሙቀት ደርቆ ሲሰነጠቅ ወይም ማሰሪያው ሲላላ፥ ቤንዚኑ በጋለው ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ብዙ የዚህ ዓይነት መኪና የተቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ቱቦው ዋጋው ጥቂት ነው፤ ለመለወጥም ረጅም ጊዜ አይወስድም። ቱቦውን በጊዜው የሚያስለውጥና የእሳት ማጥፊያ በመኪናው ውስጥ የሚይዝ ሰው፥ ለራሱም ለአብሮ ተጓዦቹም ኢንሹራንስ ገብቷል ማለት ይቻላል። ፍሬኑና መብራቱም እንዲሁ ናቸው፤ እነርሱ የሚጠብቁት የእናንተን ንብረት ብቻ ሳይሆን መንገድ የሚሻገረውን ሕፃን ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ዕድሜ የጠገበ መኪና የቤተ ሰብ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ታሪክን አይተካም። ነገር ግን በሚገባ የተጻፈ ውል፥ ያ ታሪክ እንደ ገና ተጠግኖ በመንገድ ላይ እንዲሄድ ሊያደርግ ይችላል። እንግዲህ በዚህ ሳምንት የኢንሹራንሳችሁን ውል ከመሳቢያው አውጡ፤ የተጻፈውን ዋጋና ቀኑን ተመልከቱ፤ ዋጋው የዛሬው ካልሆነ የሚታደስበትን ቀን ሳትጠብቁ መድን ሰጪያችሁን አነጋግሩ።