ስለ ጃዝ ድምፃውያን አሮጌ ሸክላዎች፤ ስለ ሞኖና ስለ ስቴሪዮ እትሞቻቸው

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከአንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሚጠበቀው ንግግር ስለ ኃይል ማመንጫ፣ ስለ ማስተላለፊያ መስመር ወይም ስለ ቴሌኮሙኒኬሽን መሆኑን አላጣሁትም። አዘጋጆቹ ግን «ከሥራ ሰዓት ውጪ የምትደክምበትን ነገር ንገረን» ስላሉኝ፣ ላለፉት ዐሥር ዓመታት ያህል ደመወዜንና የባለቤቴን ትዕግሥት ሲፈትን ስለ ኖረ ጉዳይ እናገራለሁ። ይኸውም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ የታተሙትን የጃዝ ድምፃውያን ሸክላዎች መሰብሰብና የአንዱን ሥራ የሞኖ እትም ከስቴሪዮ እትሙ ጋር ማነጻጸር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

አንዳንዶቻችሁ «ሞኖ አሮጌ፣ ስቴሪዮ አዲስ፤ ታዲያ ምን የሚነጻጸር ነገር አለ?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ እኔም ገንዘቤን በቆጠብሁ ነበር። ከ1958 እስከ 1968 ገደማ ባሉት ዓመታት የአሜሪካ ኩባንያዎች አንዱን ሥራ በሁለት ዓይነት እያተሙ ይሸጡ ነበር። ስቴሪዮው ብዙውን ጊዜ በአንድ ዶላር ይወደድ ስለ ነበር፣ ገዢው ኪሱንና በቤቱ ያለውን ማጫወቻ አይቶ ይመርጥ ነበር። በሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕልና የዘፈኖቹ ዝርዝር አንድ ዓይነት ይምሰል እንጂ፣ በውስጥ ያሉት ሸክላዎች ብዙ ጊዜ በተለያዩ መቅረጫዎች የተቀዱ፣ በተለያዩ እጆች የተቀላቀሉ ሁለት ሥራዎች ናቸው። በተለይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙው ሰው የሚገዛው ሞኖውን ስለ ነበር፣ ዋናው ድካም የሚፈስሰው በዚያው ላይ ነበር።

ወደ ምሳሌዎቹ ከመግባቴ በፊት ፈሩን እንመልከት፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እርሱ ነውና። በሞኖ ሸክላ ላይ ፈሩ መርፌውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ያወዛውዘዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ለኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ሲሠራ በ1931 ባቀረበው የፈጠራ መብት ማመልከቻ፣ በአንድ ፈር ውስጥ ሁለት ድምፅ የሚቀረጽበትን መንገድ አሳየ። የፈሩ ሁለት ግድግዳዎች እያንዳንዳቸው በ45 ዲግሪ ያዘነበሉ ሆነው፣ አንደኛው የግራውን፣ ሁለተኛው የቀኙን ድምፅ ይሸከማሉ። ውጤቱም የሁለቱ ድምር መርፌውን ወደ ጎን፣ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀሱ ነው። ይህ አሠራር የሞኖውን ሸክላ በስቴሪዮ መርፌ ለማጫወት ስለሚያስችል፣ ከሒሳቡ ውበት በላይ ለገበያም የተስማማ ነበር። ኢንዱስትሪው ግን እስከ 1957 ድረስ አልተቀበለውም፤ ጥሩ ሐሳብ በመዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሊተኛ እንደሚችል ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። አቧራ፣ ጭረትና የፕላስቲኩ እንከን መርፌውን በየአቅጣጫው ይነቀንቁታል። የሞኖው ሙዚቃ ግን በጎን እንቅስቃሴ ላይ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የሞኖ ሸክላ በስቴሪዮ መርፌ ሲጫወት፣ ሁለቱ ቻናሎች ሳይደመሩ ከቀሩ፣ የምንሰማው ሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን ከሙዚቃው ጋር ምንም ዝምድና የሌለውን የላይ ታች ጫጫታ ጭምር ነው። ሁለቱን ቻናሎች ስንደምራቸው ይህ ጫጫታ ራሱን በራሱ ያጠፋል። «የሞኖ ሸክላ ይንጫጫል» የሚለው ወቀሳ በአብዛኛው የሸክላው ሳይሆን የአጫዋቹ ጥፋት መሆኑን የተረዳሁት በዚህ ነው። በአንጻሩ ወደ ላይና ወደ ታች የመተጣጠፍ አቅም በሌለው በጥንቱ የሞኖ መርፌ የስቴሪዮ ሸክላ ማጫወት ፈሩን ያርሰዋል፤ እባካችሁ አታድርጉት።

የመርፌው ጫፍ መጠንም የራሱ ታሪክ አለው። ለሞኖ ረጅም ሸክላ የተለመደው የጫፍ ክብነት 25 ማይክሮን ገደማ ሲሆን ለስቴሪዮ 18 ማይክሮን ገደማ ነው። ባለ 12 ኢንቹ ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ሲዞር፣ በውጭው ጠርዝ ፈሩ ከመርፌው ሥር በሴኮንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በመጨረሻው ዘፈን አካባቢ ግን 21 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ሥፍራ የ10 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 21 ማይክሮን ቦታ ብቻ ይኖረዋል ማለት ነው። እንግዲህ 25 ማይክሮን ክብነት ያለው ጫፍ በዚህች ጠባብ መንገድ እንዴት እንደሚታጠፍ አስቡት። የድምፃዊቷ «ስ» እና «ሽ» በገጹ መጨረሻ የሚደበዝዘው ወይም የሚፋጨው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት እትሞችን የሚያነጻጽር ሰው የአንዱን የመጀመሪያ ዘፈን ከሌላው የመጨረሻ ዘፈን ጋር ቢያስተያይ የሚለካው ሞኖንና ስቴሪዮን ሳይሆን የፈሩን ዙሪያ ነው።

አሁን ወደ ድምፃውያኑ ልምጣ። ለምን የሰው ድምፅ? ትሉ ይሆናል። መለከት ወይም ከበሮ በግራ ይሁን በቀኝ ጆሮአችን ይስማማበታል። የሰው ድምፅ ግን ከመሐል እንዲመጣ እንፈልጋለን፤ በስቴሪዮ ደግሞ መሐሉ ባዶ ነው። በመሐል የቆመች የምትመስለን ዘፋኝ በእርግጥ የምትዘፍነው ከሁለት ስፒከሮች እኩል ነው። የግራው ስፒከር ድምፅ ወደ ቀኝ ጆሮ ለመድረስ ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛው ሩብ ያህል ይዘገያል፤ የቀኙም እንዲሁ። ይህ መዘግየት በ2 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ሁለቱን ሞገዶች እርስ በርስ ያጣፋቸዋል። ያ አካባቢ ደግሞ ቃላትን ጥርት አድርገን የምንለይበት ሥፍራ ነው። የሞኖ ሸክላ በአንድ ስፒከር ሲጫወት ይህ ጉድለት የለም፤ ዘፋኟ አንድ ቦታ ቆማ ትዘፍናለች። ሰብሳቢዎች «የሞኖው ድምፅ ሥጋ አለው» የሚሉት ነገር አስማት ሳይሆን ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም በላይ ብዙ ሌሊት የወሰደብኝ ምሳሌ የቢሊ ሆሊዴይ «ሌዲ ኢን ሳቲን» ነው። በየካቲት 1958 በኒው ዮርክ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው በኮሎምቢያ ኩባንያ የ30ኛው ጎዳና ስቱዲዮ፣ በሬይ ኤሊስ ከሚመራ የቫዮሊን ጓድ ጋር የተቀዳ ነው። ዘፋኟ በሐምሌ 1959 በ44 ዓመቷ ዐረፈች። በዚህ ሸክላ ላይ የሚሰማው ድምፅ የ1930ዎቹ ቢሊ አይደለም፤ የተሰነጠቀ፣ የደከመ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዜማው ዝቅ የሚል ነው። ሥራው ስለዚህ ገና ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ አከራካሪ ሆኖ ኖሯል።

ሞኖው ሲ.ኤል. 1157፣ ስቴሪዮው ሲ.ኤስ. 8048 የሚል ቁጥር አላቸው። በሞኖው ዐሥራ ሁለት ዘፈን ሲኖር በመጀመሪያው የስቴሪዮ እትም ዐሥራ አንድ ብቻ ነው። የጎደለው «ዚ ኤንድ ኦቭ ኤ ላቭ አፌር» የተባለው ነው፤ ዘፈኑን በደንብ ስላላወቀችው ኦርኬስትራው ለብቻው ተቀድቶ ድምፅዋ በኋላ ሲጨመር፣ የተጨመረው በሞኖው ክር ላይ ብቻ ነበር። በስቴሪዮው ክር ላይ ኦርኬስትራው አለ፣ እርስዋ የለችም። ይህን ሳነብ በመጀመሪያ የታየኝ የአሠራር ጉድለት ነበር። ደጋግሜ ሳስብበት ግን ሌላ ነገር ተገለጠልኝ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሥራው ተፈጸመ የሚሉት ሞኖው ሲያልቅ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱንም ባዳመጥሁ ቁጥር ስቴሪዮው ቫዮሊኖቹን በሁለት ወገን ዘርግቶ ቢሊን በመካከል ብቻዋን ይተዋታል። ስንጥቁ ሁሉ ይታያል፤ አድማጩ የአንዲት ሴት ድካም እንዲታዘብ የተጋበዘ ይመስላል። በሞኖው ግን ቫዮሊኖቹ ከኋላዋ ቆመው ይደግፏታል፤ ቃላቱ ወደፊት ይመጣሉ፤ ስንጥቁም የዘፈኑ አካል ይሆናል። ማንም ሰው ይህን ሥራ «የወደቀች ዘፋኝ ማስረጃ ነው» ብሎ ከመፍረዱ በፊት በየትኛው እትም እንደ ሰማው ይጠየቅ እላለሁ። የሟች ስም ያለበት ፍርድ ነውና።

ይህን ስል ግን «ሞኖ ምንጊዜም ይበልጣል» ከሚሉት ወገን እንዳትቆጥሩኝ። ኤላ ፊትዝጄራልድ በ1959 ከኔልሰን ሪድል ኦርኬስትራ ጋር የሠራችው የገርሽዊን ስብስብ፣ አምስት ሸክላዎችና 53 ዘፈኖች ያሉት ታላቅ ሥራ፣ በእኔ ፍርድ በስቴሪዮ ነው መሰማት ያለበት። የኤላ ድምፅ ድጋፍ አይሻም፤ ሪድል ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሰጠው ቦታም በሞኖ ይጨናነቃል። ሌሎች ደግሞ ምርጫ የሌላቸው አሉ፦ በ1956 የወጣው የኮል ፖርተር ስብስቧም ሆነ በዚያው ዓመት ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር የሠራችው «ኤላ ኤንድ ሉዊ» መጀመሪያ የታተሙት በሞኖ ነው። የፍራንክ ሲናትራ የ1958ቱ «ኦንሊ ዘ ሎንሊ» ደግሞ በሞኖ ዐሥራ ሁለት፣ በመጀመሪያው ስቴሪዮ ዐሥር ዘፈን ይዞ ወጣ፤ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት በጊዜው የስቴሪዮው ገጽ ያን ያህል ርዝመት አለመቻሉ ነው።

ገዢ ለሚሆን ሰው ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የውሸት ስቴሪዮ ነው። ኩባንያዎቹ የሞኖ ክሮቻቸውን በስቴሪዮ ዋጋ ለመሸጥ ሲሉ ወፍራሙን ድምፅ ወደ አንዱ፣ ቀጭኑን ወደ ሌላው ቻናል እያደረጉ፣ ጥቂት መዘግየትም እየጨመሩ አሳተሙ፤ ካፒቶል ይህን «ዱዎፎኒክ» ይለው ነበር። ገንዘባችሁን አታባክኑበት። ሁለተኛው በ1960ዎቹ የወጡ፣ ራሱን የቻለ ቅልቅል ሳይሆን ከስቴሪዮው ክር በመደመር ብቻ የተሠሩ ሞኖዎች ናቸው። ሲደመሩ በመሐል ያለው ድምፅ በጎን ካለው ይልቅ በ3 ዴሲቤል ያህል ስለሚያይል ዘፋኙ ከባንዱ በላይ ዘሎ ይወጣል። አንዳንዱ ሻጭ ይህንኑ «ብርቅ የሞኖ እትም» ብሎ ዋጋውን ይሰቅለዋል። በመለያ ወረቀቱ አትታለሉ፤ በመጨረሻው ፈርና በወረቀቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ የትኛው ቆራጭ ሸክላ እንደ ሆነ የሚናገረው እርሱ ነው።

ስለ ማነጻጸሩ ዘዴ በአጭሩ፦ ሁለቱንም ሸክላ በአንድ ቀን እጠቡ፤ ክፍሉን አትለውጡ፤ የድምፁንም ከፍታ በቮልት መለኪያ እስከ 0.2 ዴሲቤል ድረስ አስተካክሉ፤ ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ይላልና። የሚቀያይረው ሌላ ሰው ይሁን። በቤቴ ይህን የምትሠራው ባለቤቴ ናት፤ ውጤቱንም ከእኔ ይልቅ በእርስዋ ፊት ላይ የማነበው ጊዜ አለ።

ነገሩ የአሜሪካኖች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በብዙዎቻችን ወላጆች ቤት፣ ከቁም ሣጥን በላይ ወይም ከአልጋ ሥር፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ከመሠረተው አምሃ ሪከርድስ የወጡትንና ሌሎችም ያሳተሟቸውን በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች እናገኛለን። ሞኖ የሆኑት በስቴሪዮ መርፌ ሳይደመሩ ተቀድተው፣ ከዚያም ጫጫታቸው በኮምፒውተር ተፍቆ፣ በላዩም ሰው ሠራሽ ስፋት ተጨምሮባቸው ሲሠራጩ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ጫጫታውን የፋቀው ፕሮግራም የዘፋኙን «ስ» አብሮ ወስዶታል። እኛ መሐንዲሶች ስለ ሆንን ወንድም እህቶቻችን እነዚህን ሸክላዎች ይዘው ወደ እኛ መምጣታቸው አይቀርም። እንግዲያውስ ሁለቱን የፈር ግድግዳዎች ለየብቻ በ96 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ቅዱ፤ አንደኛው ግድግዳ ከሌላው ያነሰ ያለቀ ሊሆን ስለሚችል በኋላ መምረጥ ይቻላል። ምንም ያልተነካውን ቅጂ አስቀምጡ። መደመሩና ማጽዳቱ በሌላ ቅጂ ላይ ይሁን። ሸክላውንም አትጣሉ።

ንግግሬ ከማጫወቻው ጊዜ እየተሻማ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ላቁም። ሁለቱ የ«ሌዲ ኢን ሳቲን» እትሞች በጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ከፍታቸውን ዛሬ ጧት አስተካክያለሁ። በዳርና በዳር የተቀመጣችሁ እባካችሁ ወደ መሐል ጠጋ በሉ። የትኛው መጀመሪያ እንደሚጫወት አልነግራችሁም፤ በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ «አንድ» ወይም «ሁለት» ብላችሁ ብቻ ጻፉ።