ቤንዚን ውስጥ የተነከረ ሞተር

«የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ ቤንዚን ውስጥ? ይህማ እብደት ነው!» አለ የፕሮግራሙ አቅራቢ።

ባልደረባው ሳቀችበት። በመኪናው ታንክ ውስጥ ያለው የቤንዚን ትነት ከአየሩ አንጻር እጅግ ስለሚበዛ አብዛኛውን ጊዜ አይቀጣጠልም፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘውም ያው ቤንዚን ነው አለችው።

«ታዲያ በምን ይበላሻል?»

ቶዮታን አነሣች። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና የጠራው በዚሁ ፓምፕ ሰበብ ነው፤ ነዳጅ የሚገፋው የፕላስቲክ ክፍል ቤንዚን መጥጦ ያብጥና ከቤቱ ጋር ይፋተጋል፣ መኪናውም እየሄደ ሊጠፋ ይችላል።

እሱ ግን ስለ አገጣጠሙ ጠየቃት። ፓምፑ በብዙ መኪኖች ከታንኩ አናት ገብቶ በቀለበት ይታሰራል፤ የነዳጅ ጌጁ ተንሳፋፊም አብሮት አለ። ዙሪያውን የከበበው ትንሽ ባልዲ፣ ኩርባ ላይ ነዳጁ ወደ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር እንዳይስብ ይጠብቃል።

«አድማጮቻችን፣ ፓምፑ ከወጣ የጎማ ማሸጊያውንም በአዲስ አስቀይሩ» አለች።